የእህቴ ዓይንና የዳንኤል ዘመናት

ማክሰኞ ጠዋት፣ ከደብረ ብርሃን

ጭኮ ይዤ አውቶቡስ የተሳፈርኩት ለጥየቃ ብቻ አልነበረም። ታላቅ እህቴ እትዬ ወይንሸት የዓይኗን ሞራ ለመገፈፍ ለረቡዕ ቀጠሮ ተይዞላት ሳለ፣ የትንቢቱ ዘመን ሊፈጸም ነውና ዓይኔን አላስነካም ብላ ደወለችልኝ። ትምህርቱን ያገኘችው ግቢዋ ውስጥ ከተከራየው ከጌታሁን ነው። ልጅ የሌላት ባልቴት፣ አስፋልት ዳር ያለ ግቢና የመጨረሻውን ዘመን የሚያስተምር ተከራይ አንድ ላይ ሲገኙ ነገሩ አላማረኝም።

ሰንዳፋን እስክናልፍ ጉም ነበር። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ወዴት እንደምሄድ ቢጠይቀኝ መርካቶ ብዬ ዋሸሁት። ያን ቀን ሁሉንም ሰው እጠረጥር ነበር።

ከሰዓት፣ ቀራንዮ

ከጦር ኃይሎች በታክሲ ቀራንዮ ገባሁ። እህቴ ቤት ከመድረሴ በፊት አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ሽሮ አዝዤ ባለቤቷን ስለ ተከራዩ አጠያየቅኋት። ጸባየኛ ነው፣ ኪራዩንም አያሳልፍም አለችኝ። ጸባየኛነቱ ይበልጥ አስጠረጠረኝ።

እትዬ በድምፄ ለየችኝ፤ ፊቴን ለማግኘት ግን እጇ አየር ላይ ቆየ። ጌታሁን ማምሻውን መጣ። አርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ከትንቢተ ዳንኤልና ከራእይ እየጠቀሰ፣ አርባ ሁለቱ ወር በሠላሳ ሲባዛ ሺህ ሁለት መቶ ስልሳ ቀን እንደሚሆን፣ በትንቢት ደግሞ አንዱ ቀን እንደ ዓመት እንደሚቆጠር አስረዳኝ።

«ጳጉሜንስ የት ጣልካት?» አልኩት።

በትንቢት ቆጠራ ጳጉሜ የለችም አለኝ። ከዓመት ላይ ቀን የሚያነሳ ሰው ከግቢም ላይ ማንሳቱ አይቀርም ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ እህቴ ፊት፣ ፍጻሜው መቼ እንደሆነ በግልጽ እንዲነግረኝ ጠየቅኩት።

«አላውቅም ጋሼ። ቀኑን ማንም አያውቅም» አለ። «እሳቸውንም ቀጠሮው እንዳያልፍዎት ብዬ ደጋግሜ ለምኛቸዋለሁ። እንዲያውም እንዳይታከሙ የሚከለክሏቸው እርስዎ ይመስሉኝ ነበር። ግቢውን ፈልገው።»

ሁለታችንም ወደ እሷ ዞርን። ነጠላዋን ወደ አፏ ሰበሰበች።

«ነቅተሽ ነው የሚሠሩሽ ብለውኛል» አለች። «ስለቱ ወደ ዓይኔ ሲመጣ እያየሁት። ፈራሁ ብል ትስቁብኛላችሁ። ትንቢት ነው ስል ግን ማንም አልሳቀብኝም።»

ረቡዕና ሐሙስ፣ ዘነበወርቅ

በማግስቱ ሦስታችንም ሆስፒታል ሄድን። እስከ ቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ድረስ እጄን ጨምቃ ይዛኝ ነበር። ሐሙስ ፋሻው ሲነሳ ትክ ብላ አየችኝና «አንተ፣ እንዲህ ሸብተሃል እንዴ?» አለችኝ።

ዓርብ ማታ ቤቴ ስገባ ባለቤቴ የተከራዩን ነገር ጠየቀችኝ። ስሌቱን ዛሬም አላምነውም አልኳት። ቢሆንም ስለ እሱ የምግብ ቤቷን ባለቤት ሳይቀር አጠያይቄ ነበር፤ እህቴን ግን ምን እንዳስፈራት አንድ ጊዜ እንኳ ጠይቄያት አላውቅም ነበር።