ለቁርባን ብዬ ያስቀረሁት ኪኒን

ልጄ ዩኒቨርሲቲ፣ ፔዳ ግቢ፣ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለ ታመመ። ማንም በሌለበት የሚያናግሩት ሰዎች እንዳሉ ይነግረኝ ጀመር። ጠበልም ወሰድሁት፤ ሐኪም ቤትም ወሰድሁት። ሐኪሟ ጠዋትና ማታ የሚውጠው ኪኒን አዘዘችለት። በኪኒኑ ይሁን በጠበሉ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ድምፆቹ ራቁለት። እንደ ድሮው መሳቅ ጀመረ። አባቱ ካረፈ ወዲህ ሁለታችን ብቻ ነንና ቤቱ በሱ ሳቅ ሞላ።

ሰኔ ላይ፣ "እማዬ፣ በፍልሰታ ልቁረብ" አለኝ። ደስታዬን አልቻልሁትም። ለመቁረብ ግን ከሌሊት ጀምሮ ውኃ እንኳ በአፍ አይገባም፤ የፍልሰታ ቅዳሴ ደግሞ የሚያልቀው ከቀትር በኋላ ነው። የጠዋቱን ኪኒን ምን ላድርገው? የንስሐ አባታችንን መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅሁም። ከአሁኑ ይለማመድ ብዬ የጠዋቱን አስቀረሁበት። "ኪኒንም ጾም ያስገድፋል፤ ኃጢአት ነው" አልሁት። ምንም አልሆነም። ሐምሌ ላይ የማታውንም ተውነው።

ፍልሰታ ሲገባ ወንጌል ከእጁ አይለይም ነበር። ዓይኑ ስለምታሰናክለው ሰው የሚናገረውን ቦታ እየደጋገመ ያነብልኛል።

"እማዬ፣ ይኼ ለሁሉም ሰው ነው የተጻፈው?"

"ለሁሉም ነው እንጂ፣ የኔ ጌታ።"

አከራያችን ትሰማና፣ "ኧረ አንቺ ሴት፣ ልጅሽ ሊመነኩስብሽ ነው! የልጅ ልጅ ሳታቅፊ መቅረትሽ ነው" ብላ ትቀልድብኛለች። እኔም እኮራለሁ። እንቅልፍ ማጣቱን ጸሎት ነው አልሁ። መስተዋቱን በነጠላ መሸፈኑን ትሕትና ነው አልሁ።

በአሥረኛው ቀን፣ "ደክሞኛል፤ ዛሬ አንቺ ሂጂ" አለኝ። ከተማችን ሐይቅ ዳር ካለው ቤተ ክርስቲያን አስቀድሼ፣ ጠበል ቀድቼለት ተመለስሁ። ልጄ የቤታችን ደፍ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ቀኝ ዓይኑን በገዛ እጁ አጥፍቶት ነበር። ከዚህ በላይ አልጽፍም። አላለቀሰም።

"እማዬ፣ ገና አንዱ ይቀራል" አለኝ።

ሐኪም ቤት አደረስሁት፤ ያችን ዓይን ማዳን ግን አልተቻለም። ሌላዋን እንዳይነካት እጆቹን በጨርቅ ከአልጋው ጋር አሰሯቸው፤ መርፌም ወጉት። ሐኪሟ፣ "መድኃኒቱን ማን አቋረጠበት?" አለችኝ።

"እኔ" አልኋት።

አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። መርፌው ለጊዜው ነው፤ በአፉ ካልቀጠለ ሐሳቡ ይመለስበታል፤ ዕድሜ ልኩን ደግሞ አስረነው አንኖርም አለችኝ።

ልጄ ግን ጥርሱን ገጠመ። "ኃጢአት ነው ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?" ለመንሁት። እግሩን ሳምሁት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረብኝ። ያን ሌሊት የምጸልየው ጠፋኝ፤ "ያችን አንዷን፣ ያችን አንዷን" ብቻ ስል ነጋ።

ጠዋት የንስሐ አባታችን ደውዬላቸው መጡ። ያጠፋሁትን ሁሉ ነገርኋቸው። "ምነው ልጄ፣ አንድ ቃል ብትጠይቂኝ?" አሉኝ። "ለታመመ ሰው መድኃኒት ኃጢአት አይሆንም። ቁርባኑ ይቆየዋል።"

ለልጄም ይህንኑ ነገሩት። መስቀላቸውን ተሳለመና፣ "እርስዎ ራስዎ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቀምሱም፤ እኔን ዋጥ ይሉኛል?" አላቸው።

"ይኼስ መምህር ይወጣዋል" አሉ አባ፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

እኔ ፍልሰታን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል ቀምሼ አላውቅም፤ እሱን አርግዤ እንኳ አልቀመስሁም። ጊዜው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። አባን ቀና ብዬ አየኋቸው፤ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁልኝ። አጠገባችን የተኛውን ሰው ከምታስታምመው ሴት ዳቦ ለመንሁ። ልጄ እያየኝ ቆርሼ ጎረስሁ። በውኃም አወረድሁት።

"እማዬ! ገደፍሽ?"

"ገደፍሁ።"

"ለምን?"

"ያስተማርሁህ ስሕተት ስለሆነ።"

በእጄ የቀረውን ዳቦ አየ። "ኃጢአት ቢሆንስ?"

"ቢሆን በእኔ ይሁን፤ ያስገደፍሁህ እኔ ነኝ።"

አፉን ከፈተ። ኪኒኑን ምላሱ ላይ አኖርሁለት፤ ውኃውን አጠጣሁት። እስኪውጥ ድረስ ጉሮሮውን አየሁ። ማታም ዋጠ፤ በማግሥቱም ዋጠ። በየጠዋቱ እኔ አስቀድሜ እጎርሳለሁ፤ እሱ ይከተለኛል።

ሳምንት አልፎ እጆቹን ፈቱለት። ሐኪሟም እኔም እጁን እጁን እናይ ነበር። ልጄ የታሰረበትን ቦታ አሻሸ። ከዚያ ኪኒኑን ራሱ አነሣ፤ ብርጭቆውንም ራሱ ያዘ። እግዚአብሔር ይመስገን።