የሼህ ሙሐሲን መንዙማና የዙሀራ ላፕቶፕ

መካነ ሰላም መናኸሪያ አካባቢ ዙሀራ ሙሐሲንን የማያውቅ የለም። ማመልከቻ የሚያስጽፍ፣ መታወቂያ ኮፒ የሚያስደርግ ሁሉ ወደሷ ነው የሚመጣው። ከሪያድ እንደተመለሰች ቤቱን በጋራ ተከራየን፤ በውስጥ በኩል እሷ፣ በበሩ በኩል እኔ ሞላ ከነስፌት መኪናዬ። እኔ ከመኪናዬ ሌላ ማሽን የሚባል ነገር አላምንም፤ እሷም በዚህ ስትስቅብኝ ትውላለች።

አባቷ ሼህ ሙሐሲን መንዙማ አውጪ ናቸው። ወዳጃ ላይ፣ ሰው ለዱዓ በሚሰበሰብበት፣ ያዜሙትን አገር ያውቀዋል። ልጃቸው ሪያድ ሰው ቤት ስትሠራ የጻፉት ግን ሌላ ነው፤ በሰላም እንድትመለስላቸው በነቢ እየተማጸኑ የገጠሙት፣ ለማንም ያላሰሙት። ስትመለስ ወረቀቱን ሰጧት። ግማሹን አይጥ ቀምሶታል። ደንበኛ በሌለ ሰዓት ላፕቶፗ ላይ ለቅማ ጻፈችው። ላፕቶፑ አሮጌ ስለሆነ የምትጠቀመው ጽሑፍ ብቻ የሚይዝ ቀላል ፕሮግራም ነበር።

ጽፋ ስትጨርስ ሼሁ “ወረቀቱን ቅበሩት” አሉ። የአላህና የነቢ ስም ያለበት ወረቀት ሲያረጅ የትም አይጣልም፤ እንደ ሰው በክብር ይቀበራል። አቡጀዴ ከረጢት ሰፋሁለት፤ መስጊዱ ግቢ ወይራው ሥር ተቀበረ። “አትሚና አስቀምጪው” ብላት ደግሞ፣ “አባ ‘ዳግም ወረቀት አታድርጊው፣ ማንም ይረግጠዋል’ ብለውኛል” አለችኝ።

ብዙም ሳይቆይ ሼሁ ታመሙ። ግማሽ አካላቸው ከሚጽፉበት እጃቸው ጋር ሰነፈ፣ ምላሳቸው ተያዘ። ዙሀራ በየጁምዓው ላፕቶፑን ይዛ እየሄደች ታነብላቸው ጀመር። የቀራቸው ደስታ ይኸው ንባብ ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ መብራት ሄዶ ሲመለስ ላፕቶፑን አቃጠለው። ጽሑፉ በፍላሽ ተርፏል ብለን ተጽናናን። ሌላ ላፕቶፕ አምጥታ፣ ያንኑ ፕሮግራም ጭና ስትከፍተው ግን የሚታየው አማርኛ አይደለም፤ ጭረትና ነጥብ የተቀላቀለበት የፈረንጅ ፊደል ነው። ደሴ ኮምፒውተር ለሚያስተምረው ሚሊዮን ደወለች።

“አትደንግጪ፣ አልጠፋም” አላት። “ኮምፒውተር የሚያውቀው ቁጥር ነው። ፕሮግራሙ የአማርኛውን ቁጥር በፈረንጅ ስሌት እያነበበው ነው። የፕሮግራሙን ማስተካከያ ፋይል ክፈቺና ማንበቢያው መስመር ላይ ዩቲኤፍ ስምንት ብለሽ ጻፊ፤ አማርኛውን የሚያነበው ስሌት እሱ ነው።”

ጻፈች። ዘግታ ከፈተችው። አማርኛው ቁልጭ ብሎ መጣ! “አልሐምዱሊላህ!” ብላ ስትጮህ እኔም እልል አልኩ። ሚሊዮን “ቆይ፣ ሌላ መስመር ደግሞ…” ሲል ኔትወርኩ ተቆረጠ።

ሌላው መስመር የማስቀመጫው ነበር፤ እሱ አሁንም በፈረንጅ ስሌት ነው። ዙሀራ ይህን በምን ትወቀው? አንዲት የተዘለለች ቃል ሞላችና ‘አስቀምጥ’ የሚለውን ነካች። ፕሮግራሙ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠየቃት። ስንት ዓመት ሙሉ ለማዳሟ እሺ ስትል የኖረች ልጅ ናት፤ እሺ አለችው።

እንደገና ስትከፍተው ከላይ እስከ ታች የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆነ። እንደ ቀድሞው መስሏት ማስተካከያ ፋይሉን ስትቀይር፣ ስትመልስ፣ ደግማ ስትቀይር ዋለች። ምልክቱ ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ ሚሊዮን በስልክ ሲገኝ የሆነውን ነገረችው። “የቅድሙ ፊደሉ ነበረ፣ መልኩ ነው የተለወጠው። አሁን ግን ፊደሉ ራሱ የለም። እሺ ስትይው መጻፍ ያቃተውን ሁሉ በጥያቄ ምልክት ተክቶታል። ቅጂ የለሽም?” አላት።

ቅጂ የላትም፤ የነበረው ያው የፍላሹ ብቻ ነው። እኔ ንድድ አልኩ። የኔ መኪና ክር ሲበጠስባት ቆማ ትጠብቀኛለች እንጂ እሺ አሰኝታ ልብሱን አትበላም!

ኢማሙን አስፈቅደን ወይራው ሥር ቆፈርን። ክረምቱን ሙሉ ውሃ ሲጠጣ የከረመ መሬት ነው። አቡጀዴዬ በስብሷል፤ ወረቀቱ እንደ ሊጥ እጇ ላይ ተጣበቀ፤ አንዲት ፊደል አልተረፈችም። ዙሀራ አላለቀሰችም። ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

ጁምዓ ሲደርስ “ጋሼ ሞላ፣ ብቻዬን አልችልም” ስላለችኝ አብሬያት ሄድኩ። ሼሁ ግድግዳውን ተደግፈው ይጠብቃሉ። ላፕቶፑን ሳትከፍት በቃሏ ጀመረች፦

“ልጄን ከባሕር ማዶ መልስልኝ ጌታዬ፣
በነቢ ይዤሃለሁ ስማኝ ልመናዬ።”

ሼሁ ፊታቸው በራ። በደህናው እጃቸው ጉልበታቸውን እየመቱ ቀጣዩን ጠበቁ። እሷ ሁልጊዜ ከላፕቶፑ ስለምታነብ በቃሏ የያዘችው ይህን ብቻ ነው። ደገመችው። እሳቸውም መቱ፣ ጠበቁ። ሦስተኛ ጀምራ ድምጿ ተሰበረና እግራቸው ላይ ወደቀች።

“አባ፣ ጠፋብኝ። አፉ በሉኝ።”

የረሳችው መሰላቸው መሰለኝ፣ ሊያስታውሷት ፈለጉ። ጉልበታቸውን መታ መታ አድርገው ቀና አሉና ቀጣዩን ስንኝ ሊያወጡላት አፋቸውን ከፈቱ። ቃል ግን አልወጣም።