የእናቴን መስኮት የምታይ አምፖል

ከኮልፌ በወጣሁባት ማታ ዘመድ ጎረቤቱ ሳሎን ተሰብስቦ ሲላቀስ፣ እኔ እናቴ መኝታ ቤት ወንበር ላይ ቆሜ የመስኮቱ ደፍ ላይ ሽቦ እለጥፍ ነበር። ኤርፖርት የሚያደርሰኝ መኪና ክላክሱን ሁለቴ ነፍቷል። ከዳውሮ መጥተው ከእኛ ጋር አንድ ግድግዳ ተጋርተው የኖሩት ጎረቤታችን እትዬ አስቴር በሩ ላይ ቆሙና፣ «ሐያት፣ ሰው እናቱ አንገት ላይ ተጠምጥሞ በሚያለቅስበት ሰዓት አንቺ መስኮት ትጠግኛለሽ?» አሉኝ። ላስረዳቸው ጊዜ አልነበረኝም። አሁን ለእናንተ ላስረዳ።

እናቴ ወይዘሮ ዘይነባ ውጭ አገር ላለ ሰው ክፉ ነገር አይነገርም ባይ ናት። ታላቅ እህቴ ቤይሩት ሳለች እናቴ ኦፕራሲዮን ተደርጋ፣ በስልክ ግን «ደህና ነኝ፣ አንቺን ብቻ ብርድ እንዳይመታሽ» እያለች ከረመች። እህቴ እውነቱን ያወቀችው አገር ገብታ ጠባሳውን ስታይ ነው። እኔ ደግሞ ባሌ ከድር ወዳለበት ሰሜን ኖርዌይ ስሄድ እንደ እሷ ልሞኝ አልፈለግኩም። እናቴ ጤነኛ ከሆነች ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ የመኝታ ቤቷን የእንጨት መስኮት ትከፍታለች። ካመማት አትከፍትም። እንግዲህ መስኮቱን የሚያይልኝ ዓይን ፈለግኩ።

ቤቴል ሰፈር፣ ሪሲቨርና ስልክ የምንጠግንበት ሱቅ ውስጥ ስሠራ የለመድኩት ነገር ነበር። ኤልኢዲ፣ ያቺ ሪሲቨር ላይ ቀይ የምታበራው ፍሬ የምታህል አምፖል፣ ብርሃን እንደምትሰጥ ማንም ያውቃል። ብርሃን እንደምታይ ግን ብዙ ሰው አያውቅም። ፖዘቲቭና ኔጌቲቯን ገልብጣችሁ ትንሽ ኤሌክትሪክ ትሞሏትና ትተዋታላችሁ። ብርሃን ካገኘች የተሞላችውን ቶሎ ታፈሳለች፤ ጨለማ ከሆነ ይዛ ትቆያለች። ማይክሮኮንትሮለር የሚሏት ጥፍር የምታክል ኮምፒውተር ምን ያህል እንደቆየች ትቆጥራለች፣ በቃ። ከተበላሸ ሪሲቨር የነቀልኳትን ኤልኢዲ እናቴ መስኮት ላይ ተከልኳት፤ ወሬውን በአሮጌ ስልኬ በኩል እንድትልክልኝ አደረግኩ። ሌላዋን በሳሙና መያዣ ውስጥ ገጥሜ ይዣት ሄድኩ። መስኮቱ ኮልፌ ሲከፈት እኔ ጋ ያለችው ትበራለች።

ኖርዌይ ስገባ ጉምሩኩ ሳሙና መያዣዋን ከነሽቦዋ አወጣትና ምን እንደሆነች ጠየቀኝ። አምፖል ናት አልኩት።

«ምን ትሠራለች?»

«እናቴ መስኮት ስትከፍት ትበራለች።»

ጓደኛውን ጠራ። ጓደኛውም ሌላ ጓደኛ ጠራ። ሦስተኛው በጣም ተጨንቆ መስኮቱ የት አገር ነው አለኝ። ኮልፌ አልኩት፤ ወረቀት ላይ ጻፈው። ምን ያደርጉኝ እንደነበር አላህ ይወቅ፣ ውሻቸው በርበሬዬን አሽትቶ ማስነጠስ ሲጀምር እኔንም አምፖሏንም ረሱን።

አገሩ ጥሩ ነው፣ አልዋሽም። ውሃ አይጠፋም፣ አውቶቡሱ ባዶውንም ቢሆን በሰዓቱ ይሄዳል፣ ፌርማታ ላይ ማንም አይጋፋም፤ ማንም ግን «እንደምን አደርሽ» አይልም። ዳቦው ድንጋይ ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ ፀሐይ ጭራሽ አትወጣም። የእኛ ሐምሌ እንኳ ከዝናቡ መሃል ትንሽ ታሳያለች። ቤታችን ውስጥ የምትወጣው ፀሐይ የእናቴ ብቻ ነበረች።

አከራያችን ሰባ ያለፋቸው ሴት ናቸው፤ በስሜ ብቻ ጥሪኝ ቢሉኝም አፌ እምቢ ስላለ «እትዬ ኢንግሪድ» እላቸዋለሁ። አምፖሏን አይተው ጠየቁኝና ነገርኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ። እናትሽ ፈቅዳለች ወይ፣ እዚህ አገር ሰው ሳይፈቅድ መከታተል ክልክል ነው አሉኝ። እናቴ እኔን ስትከታተል ማንንም አላስፈቀደችም አልኳቸው።

መጀመሪያ ሰሞን ታዲያ አምፖሏ ሳትበራ ቀረች። ደንግጬ ደወልኩ። እናቴ ፍልቅልቅ ብላለች። ለካ ዕቃሽ አቧራ እንዳይጠጣ ብላ የቴሌቪዥኑን ዳንቴል አልብሳታለች። ደህናውን ዳንቴል! ከድር በሳቅ ሊሞት ደረሰ። እናቴ ዳንቴሉን ያነሳችው መስኮቷ ሲከፈት እኔ ጋ እንደሚበራ ነግሬ ከለመንኳት በኋላ ነው፤ ዕራቁቷን መቅረቷ አልጣማትም።

ከዚያ ወዲህ አምፖሏ ሳታዛንፍ ትበራ ነበር። በተለይ አሁን በቅርቡ የእናቴ ሰዓት አክባሪነት ገረመኝ፤ ደስ ብሎኝ ከድርን ሁሉ እየጠራሁ አሳየው ነበር። ባለፈው ሳምንት በረዶ ላይ ተንሸራትቼ ግራ እጄ ሲሰበር ከድር ለቤት እንንገር ቢል አይሆንም ብዬ ተቆጣሁት። እናቴ ለምን ትጨነቅ?

ትናንት ጠዋት አምፖሏ በርታ ሳለ ደወልኩ።

«ደህና ነኝ፣ ሐዩ። መስኮቴን ከፍቼ ፀሐይ እየሞቅኩ ነው።»

ይህን ብላ ሳትጨርስ አንዲት ሴት ከአጠገቧ፣ «ወይዘሮ ዘይነባ፣ ተራዎ ነው፣ ዶክተሩ ጋ ይግቡ» ስትል ሰማሁ።

«እማዬ፣ የት ነሽ?»

 ቤቴል ክሊኒክ መሆኗን አመነች። ሳል አላስተኛ ካላት ሰንብቷል። መስኮቱን ጠዋት ጠዋት የሚከፍቱት እትዬ አስቴር ናቸው፤ አመም ሲያደርጋት ቁልፉን ሰጥታ አደራ ብላቸዋለች። እሳቸውም አንድ ቀን አላረፈዱም። በጣም ተናደድኩ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቄ መጣ።

«አንቺስ? ደህና ነሽ?» አለችኝ።

«ደህና ነኝ።»

«ወላሂ በይ።»

ጀሶ የታሰረ እጄን አየሁት። በእኛ ቤት በውሸት አይማልም።

«መጀመሪያ አንቺ በይ» አልኳት።

ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ሳል ሆነ። ነርሷ ደግማ ጠራቻት። እናቴ ስልኩን ሳትዘጋው ይዛው ገባች። በር ሲዘጋ፣ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። ዶክተሩ፣ «እሺ እማማ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው ያመመዎት?» አላት። እኔም ስልኩን በደህናው እጄ ጆሮዬ ላይ ተጭኜ መልሷን ጠበቅኩ።