ከነቢላ ክንድ የተነቀለችው

ጎረቤቴ ጠይባ አሰላ ገበያ ቅቤ ትሸጣለች። ከሁሩታ በትዳር መጥታ ባሏ ሞተባት፤ የቀረቻት ልጇ ነቢላ ብቻ ናት። ነቢላ የስኳር ታማሚ ናት። ኢንሱሊኗን በሥርዓት ትወጋለች፤ ስኳሯ ሲወርድባት ግን አይታወቃትም። ለዚህ ነው ጠይባ ለዓመታት እንቅልፍ ያጣችው። ሌሊት እየተነሳች የልጅቷን ግንባር ትዳስሳለች፤ ካላባት ስኳር በጥብጣ ታጠጣታለች። ቀን ደግሞ ቅቤዋ ፊት ቁጭ ብላ ታንጎላጃለች። እኛ የማናፍረው፣ እንስቅባት ነበር።

አምና የስኳር በሽታ ጥናት የሚያካሂዱ ሰዎች መጡና ነቢላ ክንድ ላይ የሳንቲም ያህል ክብ ነገር ለጠፉ። ሴንሰር ይሏታል። ከቆዳ ሥር ስኳሯን ትለካለች፤ ሲወርድ ራስጌ ያለው መሣሪያ ይጮኻል። ጠይባ ተኛች! ፊቷ ተመለሰ፣ ገበያ ላይ መቀለድ ጀመረች።

“ፋናዬ፣ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው እንዴ የሚተኛው?” ትለኝ ነበር።

ጥናቱ ሲያልቅ መጥተው ነቀሏት። መሣሪያውንም ይዘው ሄዱ። እኔ ደሜ ፈላ፤ ጠይባ ግን “የሰው ዕቃ ነው፣ ምን ላድርግ?” አለች። ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞርን፤ የለም አሉን።

በቀደም የጥናቱ ውጤት ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ሲቀርብ ጠይባ ምስጋና እንድታቀርብ ከነልጇ ተጠራች። እኔም አብሬ ሄድኩ። ሴንሰሯ መድረኩ ላይ በመስታወት ሣጥን ተቀምጣለች።

“መሣሪያው ለአካባቢያችን እጅግ ተስማሚ ሆኖ ተገኝቷል” አለ ጥናቱን የመራው ዶክተር። ተጨበጨበ።

በጭብጨባው መሀል ጠይባ ዘላ ተነሳች። ነቢላ በላብ ተጠምቃ ወንበሯ ላይ ዘንበል ብላለች። ጠይባ ወደ ሻዩ ጠረጴዛ ሮጣ ስኳር ልትዘግን ስትል አስተናጋጁ እጇን ያዛት።

“እናቴ፣ ሻይ ሰዓት ገና ነው!”

“ልቀቀኝ! ልጄ ልትወድቅብኝ ነው!”

አስለቅቃ በእፍኟ አመጣችና ነቢላ አፍ ውስጥ ጨመረችላት። “ዋጪ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ዋጪ።” ሣጥኑ ውስጥ ያለችው ምንም አልጮኸች። ማን ላይ ተለጥፋ ትጩህ!

ነቢላ ነፍስ ስትዘራ፣ መድረክ መሪው ምንም እንዳልተፈጠረ ማይኩን ለጠይባ ሰጣት።

“ዕቃው ጥሩ ነው” አለች። “እኔ ምስክር ነኝ፣ ተኝቼበታለሁ። ጥሩ መሆኑን ካወቃችሁ ለምን ነቀላችሁት?”

ዶክተሩ ኮምፒውተሩ ላይ አቀረቀረ። የጠየቀችው ጥያቄ ነው፤ ንግግር አይደለም። እነሱ ግን አጨበጨቡላት።

በባጃጅ ስንመለስ ጠይባ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ጣላት። እኔ እየተብሰለሰልኩ የነቢላን ግንባር ስዳስስ ቤት ደረስን።