ለወንድሜ የመጣው ወተት

ታላቅ ወንድሜ አንድ ኩላሊቱን ሊሰጠኝ መወሰኑ ሲሰማ፣ ጎረቤቶቹ እንደ አራስ ይቀልቡት ጀመር። ከጃጁራ ወጣ ብሎ የሚኖር ገበሬ ነው። አንዷ ወተት፣ ሌላዋ ቅቤ የጠጣ ቆጮ ይዛለት ትመጣለች። «የሚሰጠው ነገር ይጠንክር» ነው ምክንያታቸው። ጋሼም መግደርደር አያውቅም፤ ያመጡለትን ሁሉ ይበላል። ሆሳዕና ከተማ እኔ ጋ ሲመጣ የገፋ ሆዱን መታ መታ እያደረገ፣ «ይሄ ያንቺ ድርሻ ነው፤ እኔ ቀላቢ ብቻ ነኝ» ይለኛል። በዚያ ሰሞን የሚያስቀኝ እሱ ብቻ ነበር።

በሽታው የአባቴ ውርስ ነው። ኩላሊቶቼ ውስጥ ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች ይበቅላሉ፤ እያደጉ ሲሄዱ ለጤነኛው ሥጋ ቦታ ያሳጡታል። አባቴ ሆዱ ተነፍቶ ሲሞት የበሽታውን ስም የነገረን የለም። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ የደም ግፊቴ አልወርድ ሲል ነው የታወቀልኝ። ከዚያ ወዲህ ኑሮዬ ቀጠሮ ሆነ። የኩላሊት ስፔሻሊስት ለማየት አዲስ አበባ እሄዳለሁ፤ ሚኒባስ፣ ካርድ ክፍል፣ ወረፋ፣ ደም፣ ሽንት፣ ደግሞ ሚኒባስ። የኩላሊት እጥበት የምጀምርበት ጊዜ መቃረቡን ሐኪሙ ሲነግረኝ መፍራት እንኳ አቃተኝ። ደክሞኝ ነበር። ከዘመድ ኩላሊት ከተገኘ ግን ከእጥበቱ ልድን እንደምችል ጨምሮ ነገረኝ። ወንድሜና እህቴ ራሳቸውም መታየት እንዳለባቸው ሐኪሙ አሳስቦኝ ነበር። ጋሼ ሲሰማ፣ «በሬ ቀንዱን ይዤ የምጥለውን ሰውዬ ምን ይነካኛል?» ብሎ ሳቀ። እኔ ጋ የምትኖረው ታናሽ እህታችን ልብስ ሰፊ ናት፤ እሷ ደግሞ ባነሳሁባት ቁጥር ስፌት በዝቶባታል።

ስለ መስጠቱ ሲወራ ግን ቀድማ «እኔ እሰጣለሁ» ያለችው እሷ ነበረች። ጋሼ አልሰማትም። «እኔ ቆሜ አንቺ ትቀደጃለሽ? ያላገባሽ፣ ያልወለድሽ!» አላትና ነገሩን ዘጋው። ደሙ ከደሜ ጋር እንደሚስማማ ተነገረን። ቤተ ክርስቲያኑ ጸለየለት። ወደ አዲስ አበባ የምንሄድ ዕለት ሸኚው መናኸሪያውን ሞላው፤ እኔ ሙሽራ ላጅብ የምሄድ እንጂ የታመምኩት አልመስልም ነበር።

ሐኪሙ ጋሼን አልጋ ላይ አስተኝቶ ጎንና ጎኑን ጫን ጫን አደረገው። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት።

«ይህ ሆድ ከመቼ ጀምሮ ነው የገፋው?»

«ቅቤ ነው፣ ዶክተር!» አለ ጋሼ እየሳቀ።

ሐኪሙ አልሳቀም። አልትራሳውንድ ክፍል ስንገባ ከማንም በፊት ያወቅሁት እኔ ነኝ፤ የራሴን ምስል ደጋግሜ አይቼዋለሁ። እነዚያው ጥቋቁር ክቦች ስክሪኑ ላይ ተደርድረዋል። ሐኪሙ በጥድፊያ ያስረዳል፤ የጋሼ አማርኛ ደግሞ ከገበያ አያልፍም። ወደ እኔ ዞሮ በሀዲይኛ «ምን እያለ ነው?» አለኝ። ማስተማር እንጀራዬ ነው፤ ማስረዳት አቅቶኝ አያውቅም። ያን ቀን ግን ከአፌ የወጣው «እንደ እኔ ነህ» የሚል ብቻ ነው።

«ታዲያ ላንቺ ማን ይሰጥሻል?» አለኝ።

ስለ ራሱ ሳይጠይቅ! ተናደድኩበት፤ ኮሪደር ላይ ወጥቼ አለቀስኩ። ስመለስ ሐኪሙ የግፊት መድኃኒት እየጻፈለት ነበር፤ የእሱ ገና ስለሆነ ክትትል ካደረገ ለብዙ ጊዜ ሊቆይ ይችላል አለን። ከዚያም ከታመመ ወላጅ ለሚወለድ ልጅ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ መሆኑን ነግሮን፣ ሌላ እህት ወይም ወንድም እንዳለን ጠየቀ።

«አንዲት አለች» አልኩት።

ወደ ሆሳዕና ተሳፈርን። ቡታጅራን ካለፍን በኋላ ነው፣ «የአባታችንም ሆድ ጥጋብ አልነበረም ማለት ነው?» ጋሼ ያለው። አልነበረም። ሰፈርተኛው «ይህ ነው ጌትነት» እያለ ያደነቀው ሆድ በሽታ ነበር። ከታመምኩ ጀምሮ ሰው ሁሉ «ሳይደግስ አይጣላም» እያለ ያጽናናኛል፤ እኛ ቤት ግን ድግሱ ቀድሞ ተበልቷል።

ቤት ስንደርስ እህታችን በሩ ላይ ጠበቀችን፤ የስፌት ሜትሯ እንደ ወትሮው አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። የጋሼ ጎረቤት ወተት ልካለት ኖሮ አፍልታ በኩባያ ሰጠችው።

«እንዴት ሆነ?»

«እኔም ታምሜያለሁ» አላት። ኩባያውን ትንሽ አየውና መልሶ ዘረጋላት። «አንቺ ጠጪው።»

ገብቷታል። የተቀበለችው እሱን ሳይሆን እኔን እያየች ነው። አይሆንም፣ ተይው ማለት ነበረብኝ። ደክሞኝ ነበር፤ መኖርም እፈልጋለሁ። እንድትጠጣው ፈለግሁ።

ኩባያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «መጀመሪያ ልታይ» አለች። ከዚያ ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ፣ የደንበኛ ልብስ እንደምትለካ ሁሉ፣ በገዛ ሆዷ ዙሪያ አዞረችው። ጎንበስ ብላ ቁጥሩን አየች።

ስንት እንደሆነ አልነገረችንም፤ እኛም አልጠየቅናትም።