ከሌላ ሰው የተረፈ የዓይን ቅባት

ብርሃንን ከጨለማ በለየው አምላክ ስም እጀምራለሁ። የጤና ጣቢያችን ወጣቶች «ከሥራ ዘመንዎ አንድ ነገር ይጻፉልን» ስላሉኝ፣ ለመናገር የሚከብደኝን መረጥሁ።

መካኒሳ አቦ አካባቢ በድሬሰርነት በተቀጠርሁበት ቀን፣ አለቃችን ሲስተር አልማዝ ነጭ ገዋን ሰጡኝ።

«ከቅኔ ቤት ነው አሉ የመጣኸው?»

«አዎን።»

«እንግዲያው እዚህ ቅኔ እንጂ ፋሻ እንዳትዘርፍ!»

በተማሪነቴ የለመንሁትን ቁራሽ በአኮፋዳ ይዤ ስላደግሁ፣ ትርፍ መጣል አይሆንልኝም ነበር። ሕመምተኞች ሲሻላቸው የሚተዉትን የቴትራሳይክሊን ቅባት በቆርቆሮ ሣጥን አኖር ነበር፤ ላጣ ሰው እሰጠዋለሁ ብዬ። ጽድቅ መስሎኝ ነበር።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ ከድር የሚባል ድንጋይ ጠራቢ ከለቡ መጣ። ፍንጣሪ ዓይኑ ገብቶ፣ የሥራ ጓደኛው በሸሚዙ ጫፍ አውጥቶለታል።

«ጋሼ፣ ድንጋዩ ቂም ይዞብኛል» አለኝ እየሳቀ።

ዕቃ ቤታችን በዕለቱ ቅባት አልነበረውም። ከሣጥኔ የተጀመረ ቱቦ አውጥቼ ሰጠሁት። ወደ ዓይን ሐኪም መላክ ሲገባኝ አልላክሁትም።

በአምስተኛው ቀን ሚስቱ እየመራች አመጣችው። መቅላቱ ሲቀንስ ቅባቱን ትቶ፣ ሲብስበት እንደገና ጀምሮ ነበር። በዓይኑ ጥቁር ክፍል ላይ ነጭ ነጥብ ወጥቷል።

ሲስተር ቱቦውን አገላብጠው አዩ። «ይህን ማን ሰጠው?»

«እኔ።»

«ከማን የተረፈ ነው?»

አላውቅም ነበር። ሲስተር ወደ ሆስፒታል የሪፈር ወረቀት ጻፉለት።

ሆስፒታሉ ከቁስሉ ናሙና ወስዶ መረመረ። ጀርሙ ያንን ቅባት ተላምዶታል፤ አይሞትበትም። ሌላ መድኃኒት ቁስሉን አደረቀው፤ የዓይኑ ብርሃን ግን አልተመለሰም። ጀርሙ ከሸሚዙ ይምጣ ከቱቦው፣ ማንም ሊነግረኝ አልቻለም።

ይቅርታ ልጠይቅ ቤቱ ሄድሁ።

«ጋሼ፣ ሸሚዙ የጓደኛዬ፣ ቅባቱ የእርስዎ፤ ሁለታችሁም አዝናችሁልኝ ነው» አለኝ። ከዚያም የቆሳሰሉ ጣቶቹን አሳየኝ። «ግን በአንድ ዓይን ርቀቱ አይታወቀኝም። መሮውን ልምታ ስል ጣቴን እመታለሁ።»

በዚያው ወር ጠረባውን ተወ። እኔም ሣጥኑን ከነቱቦዎቹ አቃጠልሁ፤ ሥራውን ግን እየደከመኝም ቢሆን እስከ ጡረታዬ ቀጠልሁ።

ባልደረቦቼ ሆይ፣ የተጎዳ ዓይን በዕለቱ ወደ ዓይን ሐኪም ይላክ። አንድ ሰው የጀመረው ቅባት ለሌላ ሰው አይሰጥ።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ እግዚአብሔር የዓይናችሁን ብርሃን ይጠብቅላችሁ፤ ቤታችሁን ከነልጆቻችሁ በጤና ያኑርላችሁ፤ አሜን።