ጠበል የገባበት ማርሽ

«አባዬ ጎሮ፣ መንገድ ዳር፣ መኪናው ውስጥ እንደተቀመጠ አርፎ ተገኘ» አለኝ ወንድሜ በስልክ። ቀጥሎም «ማርሹ ማቆሚያው፣ ፒ ላይ እንደያዘ ነው፤ ቁልፉም አልነቀል አለን» አለ።

በሰው አገር ኩሽና ቆሜ የረጠበ የመኪና ምንጣፍ ሸተተኝ።

ልጅ ሳለሁ፣ መኪናው የተገዛ ሰሞን፣ እማዬ እንዲባረክ ብላ ጠበል ስትረጨው ውሃው ማርሹ ሥር ገባ። በማግስቱ ከአባዬ ጎን ተቀምጬ ጉርድ ሾላ መብራት ላይ እንደቆምን ማርሹ ፒ ላይ ያዘ፤ ቁልፉም አልወጣ አለ። ከኋላ ጥሩንባው ቀለጠ። አንድ የታክሲ ሹፌር መጥቶ የረጠበውን ምንጣፍ እያየ «አባት፣ መኪናውን ክርስትና አስነሱት እንዴ?» አለ።

«አዎ፤ ክርስትና አባት ሁነውና ከኋላ ወዝወዝ አድርግልን» አለው አባዬ እየሳቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ቁልፍ በጉልበት አይወጣም፣ ልጄ። መጀመሪያ ታማትቢያለሽ፣ ፍሬን ትረግጫለሽ፤ እጅሽ ቁልፉን የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው።» ራሱም እንዳለው አደረገ፤ ማርሹ ቀጭ ብሎ ለቀቀ።

ማርሹ ግን ፈጽሞ አልዳነም። አባዬም በያዘበት ቁጥር ሳያማትብ ቁልፉን ነክቶ አያውቅም።

ጎሮ ላይ በሩን የከፈታችሁለት ሰዎች፣ ስለ እመቤታችን ብላችሁ ንገሩኝ። እጁ ቁልፉ ላይ ከነበረ አማትቧል ማለት ነው። ቀኝ እጁ የት ነበር?